በኮሮና ዳግም መያዝ ምንድን ነው?

«ሰው በኮሮና ሁለቴ ሦስቴ ከተያዘ ሰውነት ምንም አልተማረም ማለት ነው። ክትባቱም ከንቱ ነው።» እንዲህ ያለው አንድ የሬዲዮ ተንታኝ ነው። ይህንኑ ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። ቱሉ ዲምቱ ውስጥ በምሠራበት ላብራቶሪ ናሙና ሊሰጡ የመጡ ሰዎችም ይሉታል። አሁንስ በዛ!

ዳግም መያዝ ማለት ከመጀመሪያው ከዳኑ በኋላ ቫይረሱ ከውጭ እንደ አዲስ ገብቶ ሲራባ ነው። ምን ያህል እንደጎዳ በዚህ አይታወቅም። በዘረመል ንባብ (የቫይረሱን የዘር መረጃ ፊደል በፊደል በማንበብ) የተረጋገጠው የመጀመሪያው ሰው በ2020 እ.ኤ.አ. የተገኘ የሆንግ ኮንግ ነዋሪ ነው። ከመጀመሪያው 142 ቀን ቆይቶ በሌላ ዝርያ ተያዘ። የታወቀበት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስለተመረመረ ብቻ ነው፤ ሳል እንኳ አልነበረውም። ታዲያ ሰውነቱ ምንም አልተማረም?

በኮንዶሚኒየም ላስረዳ። ግቢው አንዴ ሲዘረፍ ኮሚቴው ይደነግጥና በር ላይ ዘበኛ ይደረድራል። ዘበኞቹ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ ሌባውን የሚለዩት በጃኬቱ ነው። ወራት ሲያልፉ መዋጮው ይሳሳል፣ ዘበኛውም ይቀነሳል። በዚያ ላይ ሌባው ጃኬት ቀይሮ ይመጣል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስም የወጣለት ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሕዋስ ላይ በሚጣበቅበት እሾህ መሰል ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ነበረው። ዘበኛው አሳለፈው።

ግን ግቢው ውስጥ ቡና አፍልተው የተቀመጡ እናቶች አሉ። ጃኬት አያታልላቸውም፤ አረማመዱን ያውቁታል። እነዚህ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ብዙም የማይለዋወጡትን የቫይረሱን ክፍሎች ጭምር ይለያሉ። ኮሚቴውም የድሮ ዘበኞቹን ስልክ መዝግቦ ይዟል፤ ደውሎ በቀናት ውስጥ ይሰበስባቸዋል። ሌባው ብዙ ጊዜ ደረጃው ላይ ይያዛል እንጂ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። አራተኛ ፎቅ ሳንባ ነው። (ቲ ሴሎች የተያዘውን ሕዋስ ራሱን ነው የሚያጠፉት። እናቶቹ ሌባው የተደበቀበትን ቤት ያፈርሳሉ ልል ነው፤ እዚህ ጋ ምሳሌዬ ይብቃ።)

በቁጥር ልንገራችሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ ወጥቶ ነበር። ከኦሚክሮን በፊት ተይዞ የነበረ ሰው ከ40 ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው ኦሚክሮን እንዳይያዝ ያለው ጥበቃ ወደ 36 ከመቶ ወርዷል። በጠና እንዳይታመም ያለው ጥበቃ ግን 88 ከመቶ ግድም ነበር። ተንታኙ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ይጮሃል፤ ሁለተኛውን አያነሳም። ታዲያ ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው በሕይወት የተረፉትን ነው የሚቆጥረው። «እንግዲያው ልያዝና ልገላገል» ለሚል ሰው አይሆንም። ለስኳር ታማሚና ለአዛውንትማ ጭራሽ።

ሌላው የሚያናድደኝ ደግሞ «ከሁለት ሳምንት በኋላም ፖዘቲቭ አለኝ፤ ዳግም ተያዝኩ» የሚለው ነው። ፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው የላብራቶሪ ምርመራ፣ የሞተውን ቫይረስ ቁርጥራጭ ለሳምንታት ያነሳል። ስለዚህ ዳግም የተያዙትን ሲቆጥሩ ብዙዎች ከመጀመሪያው 90 ቀን እንዲያልፍ ይጠብቃሉ። ይህ የአሠራር ስምምነት ነው እንጂ ቫይረሱ የሚያከብረው ሕግ አይደለም። ስፔን ውስጥ አንዲት የጤና ባለሙያ በዴልታ ዝርያ ከተያዘች ከ20 ቀን በኋላ በኦሚክሮን መያዟ በዘረመል ንባብ ታይቷል።

«በፈጣን ምርመራ ኦሚክሮን ተገኘብኝ» የሚሉም አሉ። ያቺ ፕላስቲክ የምታሳየው መስመር ነው፤ ዝርያ አትለይም። ዝርያውን የሚያረጋግጠው የዘረመል ንባብ ነው፤ ያ ደግሞ በየክሊኒኩ አይሠራም።

ሁለተኛ ጊዜ ለምርመራ ስትመጡ የመጀመሪያውን ውጤት ከነቀኑ ይዛችሁ ኑ። እባካችሁ ናሙና ሲወሰድ ወደ ኋላ አትሽሹ። በደንብ ካልተወሰደ ቫይረሱ እያለም ኔጋቲቭ ሊል ይችላል።