ድሪል ምንድን ነው? ማሟሟቂያ ግን አይደለም

«ድሪል ለጀማሪ ነው፤ የበቃ ዋናተኛ ኪሎሜትር ይቆጥራል።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የጻፈው ነው። አንዴ ቢሆን ዝም እል ነበር። ባሕር ዳር ገንዳ ዳር ቆሜም የምሰማው ግን ይህንኑ ነው።

ድሪል ከቀዘፋው አንዱን ነገር ነጥሎ መለማመድ ነው። በአንድ እጅ መቅዘፍ፣ ጡጫ ጨብጦ መዋኘት፣ አንዱ እጅ ከፊት ተዘርግቶ ሌላውን መጠበቅ... ታውቋቸዋላችሁ፣ አልዘረዝርም። እኔን የሚያናድደኝ ድሪልንና የርቀት ልምምድን እንደ ባላንጣ ማየት ነው። አንዱ ወገን ድሪሉን ለማሟሟቂያ ያህል ነካ አድርጎ ይሮጣል። ሌላው ደግሞ ወር ሙሉ ድሪል ብቻ ሲሠራ ይከርማል።

የጎጃም ሰው ነኝና በቅኔ ቤት ላስረዳ። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ 2 ቤት፣ ማለትም 2 ስንኝ፣ ያላት አጭር ቅኔ ናት። መወድስ 8 ቤት ነው። በሁለቱ ያልተቃናለት በስምንቱ አይቃናለትም። ዕድሜ ልኩን ጉባኤ ቃና ብቻ ሲቆጥር የሚኖርም መወድስ ላይ አይደርስም። ደግሞ ተማሪው የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ማንም ሳያየው ድሪል የሚሠራ ዋናተኛ ያልታረመ ቅኔ እያከማቸ ነው። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ አለ፤ ቅኔ ሁሌ አዲስ ነው፣ የተነገረው አይደገምም። ቀዘፋ ግን ያው ድግግሞሽ ነው። ሰውነት ደግሞ ትክክሉንና ስህተቱን አይመርጥም፤ የደጋገምነውን ይይዛል።

«ታዲያ ትልልቆቹ ዋናተኞች በቀን ስንት ኪሎሜትር ይዋኙ የለም ወይ?» ይላል ያው አስተያየት ሰጪ ወንድሜ። ይዋኛሉ። በዚያው ልምምድ ውስጥ ድሪልም ይሠራሉ፤ ይቺን ዘለላት። የሯጭ አገር ልጆች ስለሆንን ኪሎሜትር ይገባናል። ውሃ ግን ከአየር 800 ጊዜ ያህል የታጨቀ ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ ውሃው የሚይዝህ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ዳሌህ ትንሽ ከሰመጠ ጉልበትህ ውሃ በመግፋት ያልቃል።

ስለዚህ «ስንት በመቶ ድሪል?» ስትሉኝ ቁጥር አልሰጥም። ድሪሉ ወዲያው ወደ ሙሉ ቀዘፋ ይሻገር፤ እሱ ነው ዋናው። ለምሳሌ 8 ጊዜ 50 ሜትር፤ የመጀመሪያው 25 ድሪል፣ መልሱ ሙሉ ነጻ ቀዘፋ። መልሱ ላይ ቀዘፋህን ቁጠር። ሁሌ በ20 የምትጨርሰው 24 ከገባ፣ ከዚያ በኋላ የምትለማመደው ብልሽቱን ነው። ከገንዳው ውጣ አላልኩም። ረፍቱን አርዝም፣ ወይ ርቀቱን አሳጥር። ቁጥሩ ሳይንቀሳቀስ ልምምዱን ከጨረስክ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ርቀት ጨምር። እዚያ ላይ አትፍራ።

እጅ ለእጅ የሚጠባበቁበትን ድሪል የምታበዙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ሙሉ ቀዘፋው ላይም ከፊት ቆም የማለት አመል ያመጣል። የእጅ ፓድል፣ መዳፍ ላይ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ትከሻ ላይ ጫና ይጨምራል፤ ትከሻው የሚያመው ሰው ይተወው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ቴክኒኩ የጠፋ ይመስለዋል፣ ጥቂት ቀን ይታገስ። ትንፋሽ ይዞ የሚሠራ ልምምድ ብቻችሁን በፍጹም አትሞክሩ፤ ሰው ውሃ ውስጥ ራሱን ስቶ ይቀራል።

«ጣና እያለ ገንዳ ለምን?» ለሚሉኝም፦ ሐይቁ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ አባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። 25 ሜትር ለክቶ ቀዘፋ መቁጠርም አይመችም። ድሪሉን ገንዳ ውስጥ ጨርሱት።