የከተማ ቦታዎች ስያሜ፦ ከነዋሪው አፍ እስከ ምክር ቤት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የከተማ መንገድ፣ አደባባይና ሰፈር ስም ግን ወይ ከነዋሪው አፍ ይወጣል፣ ወይ በአስተዳደሩ ውሳኔ ታፔላ ላይ ይሰፍራል። ሁለቱ ሲገጥሙ መንገደኛው አይቸገርም፤ ሲለያዩ ግን አንድ ቦታ ሁለት ስም ይዞ ይኖራል።

በቀድሞ ከተሞች መንገድ የሚጠራው እዚያ በሚሠራው ሙያ፣ በገበያው፣ በቤተ እምነቱ ወይም በወንዙ ነበር። አዋጅ አልነበረውም፤ አገሬው ያውቀዋል፣ እንግዳው ይጠይቃል። ይህ አልበቃ ያለው ነዋሪውን ከሩቅ ሆኖ ማግኘት ለሚፈልግ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ በሐብስበርግ ሥርወ መንግሥቷ ግዛት ቤቶች ቁጥር እንዲጻፍባቸው ያዘዘችው ለውትድርና የሚበቁ ወንዶችን ለመቁጠር ነው። ፖስተኛውና አምቡላንሱ ኋላ የመጡ ተጠቃሚዎች ናቸው። ይህ መነሻ ሊዘነጋ አይገባም፦ አድራሻ ለነዋሪው አገልግሎት ከመሆኑ በፊት የመንግሥት መቆጣጠሪያ ነበር።

አቆጣጠሩ ከከተማ ከተማ ይለያያል። በፓሪስ ከ1805 ጀምሮ ጎዶሎ ቁጥር በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥር በሌላው ነው፤ ከሴን ወንዝ ጎን ለጎን የሚሄዱ መንገዶች የውኃውን ፍሰት ተከትለው ሲቆጠሩ፣ ሌሎቹ ከወንዙ ይጀምራሉ። የኒውዮርክ የ1811 ዕቅድ ማንሃተንን በ12 ሰፋፊ ጎዳናዎችና በ155 አቋራጭ መንገዶች ከፍሎ ቁጥርን ራሱን ስም አደረገው። በጃፓን ደግሞ አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፤ ስምና ቁጥር የሚሰጠው በመንገዶች መካከል ላለው መሬት ነው። ቁጥር ለማንም አያዳላም፣ ማንንም አያስቀይምም። ግን የማንንም ታሪክ አይዘክርም፤ ሰው ስምን አጥብቆ የሚፈልገውም ለዚህ ይመስለኛል።

የመሰየም ሥልጣን በአብዛኛው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ኮሚቴ አጥንቶ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፣ ስሙ በመዝገብና በካርታ ይገባል። የመጀመሪያው ሥራ ድግግሞሽን ማጥፋት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ብዙ መንገዶች አንድ ዓይነት ስም ስለነበራቸው፣ በ1855 የተቋቋመው የከተማዋ የሥራዎች ቦርድ ስም የመቀየር ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ቋንቋ ነው፤ ብራስልስ እያንዳንዱን መንገድ በፈረንሳይኛም በደችኛም ትጽፋለች። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከበደው፣ የሰው ስም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞች ጉባኤ በ2002 በሕይወት ባለ ሰው ስም ቦታ መሰየም እንዳይበረታታ መክሯል። ምክሩ ልክ መሆኑን ካዛክስታን አሳይታለች፦ ዋና ከተማዋ አስታና በ2019 ሥልጣናቸውን በለቀቁት ፕሬዚዳንት ስም ኑርሱልጣን ተባለች፣ በ2022 ወደ አስታና ተመለሰች። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ማኅተሙ፣ ካርታው፣ የመታወቂያው አድራሻ ሁለት ጊዜ ተለወጠ።

መንግሥት ሲለወጥ ስም መለወጡ የተለመደ ነው። በ1703 የተቆረቆረችው ሴንት ፒተርስበርግ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ ሆነች፤ በ1991 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው የቀድሞ ስሟን መለሱ። ዙሪያዋን ያለው ክልል ግን የራሱ አስተዳደር ስላለው እስከ ዛሬ ሌኒንግራድ ይባላል። በደቡብ አፍሪካም ከ2000 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ ጽዋኔ ሲሆን በውስጡ ያለችው ከተማ አሁንም ፕሪቶሪያ ናት። እንዲህ ያለው መደራረብ ሲታይ ግርግር ይመስላል፤ ነዋሪውን ሳይጠይቁ በአንድ ሌሊት ከመቀየር ግን ይሻላል እላለሁ። ያልተጠየቀ ሕዝብ አዲሱን ስም ለቢሮ ትቶ አሮጌውን በአፉ ይዞ ይቀጥላልና።

የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ ለዚህ ምስክር ናት። ነዋሪዎቿ አድራሻ የሚሰጡት ከታወቀ ቦታ ተነሥተው ነው፤ ሰሜን «ወደ ሐይቁ»፣ ምሥራቅ ፀሐይ የምትወጣበት ስለሆነ «ወደ ላይ»፣ ምዕራብ «ወደ ታች» ነው። በ1972 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ሲያፈርሳት ከመነሻዎቹ ብዙዎቹ ጠፉ። ሰዉ ግን «እንትን ከነበረበት ሁለት ብሎክ ወደ ሐይቁ» እያለ፣ በቦታው በሌለ ሕንፃ መንገድ ማሳየቱን አልተወም።