ታይፕ-ሴፍ የሃርድዌር መለያ ምንድን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ የሚጭን ተማሪ አይጠፋም። አንዳንዴ ሁሉም ነገር ይሠራና ዋይፋዩ ብቻ እምቢ ይላል። ካርዱ ቦታው ላይ አለ። ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩም፣ ዲስኩ ላይ አለ። ሁለቱ ግን አልተገናኙም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር፣ ይጎድላል። እዚህ የማነሳው ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን ነገር ነው፦ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ሃርድዌርን በምን ይለያል? መለያውን የሚይዘው ኮድስ ለምን ታይፕ-ሴፍ ይሁን ይባላል?

ፒሲአይ በሚባለው፣ ካርዶችን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ የተሰካ ካርድ ሁሉ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉት። አንዱ የአምራቹ ነው፤ ፒሲአይ-ሲግ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር ያድለዋል። ሌላው የምርቱ ነው፤ እሱን አምራቹ ራሱ ይሰጠዋል። እያንዳንዳቸው 16 ቢት ናቸው፤ ማለትም 65,536 የተለያየ ዋጋ ሊይዙ ይችላሉ። የሚጻፉት በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት) ነው። የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር መጠሪያም ይኸው ነው። በቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ኢንቴል ሴንትሪኖ 6205 የዋይፋይ ካርድ ደግሞ 8086 እና 0085 ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል።

ድራይቨር የሚጽፍ ሰው «እኔ የማውቃቸው ካርዶች እነዚህ ናቸው» የሚል ሰንጠረዥ ኮዱ ውስጥ ያስገባል። ኮዱ ሲገነባ ከሰንጠረዡ የትኛው ቁጥር የየትኛው ድራይቨር እንደሆነ የሚናገሩ፣ አሊያስ የሚባሉ መስመሮች ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ ያገኘውን ካርድ ቁጥር ያሳውቃል። ዩዴቭ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ያንን ተቀብሎ የሚገጥመው ሞጁል (ለብቻው የሚጫን የከርነል ክፍል፣ እዚህ ድራይቨሩ) እንዲጫን ያደርጋል። ሰው ምንም ሳይነካ ሥራው ያልቃል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በሲ ቋንቋ አምራችም ሆነ ምርት ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም) ያው ቁጥር ነው። ቦታቸውን ብታቀያይሩት አይከራከርም። ወሎ ውስጥ ፎርም ስትሞሉ ሰይድ አሊን «አሊ ሰይድ» ብላችሁ ብትጽፉት ማን ያውቃል? ሁለቱም የተለመደ ስም ነው፤ በሁለቱም የሚጠራ ሰው አለ። ስህተቱ የሚታወቀው ባለቤቱ መጥቶ ፋይሉ ሲጠፋ ነው። 0085 የአምራች ቦታ፣ 8086 የምርት ቦታ ላይ ቢገቡም እንደዚያው ነው። ኮዱ ይገነባል፣ ሞጁሉ በእጅ ቢጫንም ይጫናል፣ ካርዱን ግን አያገኘውም። የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም። በጣም የሚያናድደውም ይህ ነው፤ የት ጋ እንደሚፈለግ ፍንጭ የለም።

ታይፕ-ሴፍ መለያ ማለት ኮምፓይለሩ የቁጥሩን መጠን ብቻ ሳይሆን የምን ቁጥር እንደሆነም እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ረስት ቋንቋ ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በወጣው 6.1 ነው። የፒሲአይ ድራይቨር በረስት ለመጻፍ የሚያስችለው መሠረት ደግሞ በ2025 ከ6.14 ጋር መጣ። ከዚያ ወዲህ አምራች የራሱ ታይፕ፣ ማለትም የራሱ የመረጃ ዓይነት፣ ተሰጥቶታል። ውስጡ ያው 16 ቢት ነው፤ ግን አምራች በሚጠበቅበት ቦታ እንዲሁ ቁጥር ብታስገቡ ኮዱ አይገነባም። ኢንቴል ወይም ኤንቪዲያ ብላችሁ በስም ነው የምትጠሩት። ፍጥነት ይቀንሳል ብላችሁ አትስጉ። ታይፑ የሚያገለግለው ኮዱ እስኪገነባ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ተራ ቁጥር ነው።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ ከቁጥሮቹ ጎን አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ። ድራይቨሩ ስለ ካርዱ ማስታወስ ያለበትን የሚያኖርበት ነው፦ የትኛው ትውልድ ነው፣ ልዩ አያያዝ ይፈልጋል ወይ፣ እና የመሳሰሉት። በሲ ይህ ቦታ ኢንቲጀር ነው። አንዱ ድራይቨር ተራ ቁጥር ያስቀምጥበታል። ሌላው የሜሞሪ አድራሻ በካስት (ታይፑን በግድ በመቀየር) ለውጦ ያስገባበታል። በኋላ የሚያነበው ኮድ የገባው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በጸሐፊው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ተራ ቁጥሩን አድራሻ ነው ብሎ ከተከተለው ነገሩ ዋይፋይ በመጥፋት አያበቃም፤ ከርነሉ ራሱ ሊወድቅ ይችላል።

በረስት ሰንጠረዡ ሲገለጽ የዚህ መረጃ ታይፕም አብሮ ይገለጻል። መረጃው ለብቻው በአሬይ (በተርታ በተደረደረ ዝርዝር) ይቀመጣል። ሲ የሚያየው ቦታ ላይ የሚገባው መረጃው በአሬዩ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ካርዱ ሲገኝ ድራይቨሩ የሚደርሰው ግን መረጃው ራሱ ነው፣ ከነታይፑ። ካስት የሚያደርገው ጸሐፊው አይደለም። የሰንጠረዡን መጨረሻ የሚያሳየውን ባዶ መስመርም ላይብረሪው ራሱ ይጨምረዋል፤ በሲ እሱን ማስታወስ የጸሐፊው ግዴታ ነው።

ሲም ቢሆን መላ የለውም አይባልም። አምራቹን በስም ብቻ የሚቀበል ማክሮ (የኮድ አቋራጭ) አለ፤ ብዙ ድራይቨሮች ይጠቀሙበታል፣ ጥሩም ነው። ግን የሚያስገድድ የለም። በሌላ በኩል ረስትም ሁሉን አይዝም። 0085 ለማለት 0058 ብትጽፉ ሁለቱም የምርት ቁጥር ናቸውና ያልፋል። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ካርዱን ፊቱ ያስቀመጠ ሰው ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ሶፍትዌር የሚማር ሰው ይህን ለመሞከር አዲስ ካርድ መግዛት የለበትም። ከርነሉ ሶርስ ውስጥ የረስት ናሙናዎች ፎልደር አለ፣ እዚያ ውስጥ አጭር የፒሲአይ ድራይቨር ተቀምጧል። ኪውኢሙ የተባለው ነፃ ኢሙሌተር (ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ደግሞ ለሙከራ ብቻ የተሠራ የፒሲአይ ዲቫይስ አለው፤ ናሙናው የሚፈልገው እሱን ነው። መጀመሪያ እንዳለ ገንብታችሁ አስነሱት። ቀጥሎ ሰንጠረዡን ክፈቱና አምራቹን እና የምርት ቁጥሩን አቀያይሩ፣ እንደገና ለመገንባት ሞክሩ፣ ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡት።