ስለ ቤተሰብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ትክክለኛ ቤተሰብ አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው፤ ሌላው የተበተነ ነው።»

ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሶሺዮሎጂን (የማኅበረሰብ ጥናትን) ምስክር ይጠራሉ። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ጆርጅ ፒተር መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. 250 ማኅበረሰቦችን አነጻጽሮ ቤተሰብን አብሮ የሚኖር፣ በኑሮ የሚረዳዳና ልጅ የሚወልድ ቡድን ብሎ በይኖት ነበር። ችግሩ ናያር የሚባሉት የደቡብ ሕንድ ሰዎች በዚህ ብያኔ አለመግባታቸው ነው። እነሱ ዘንድ ባል ከሚስቱ ጋር አይኖርም ነበር፤ ልጆቹ የሚያድጉት በእናታቸው ወገን፣ ከአጎቶቻቸው ጋር ነበር። በኋላ እንግሊዛዊው የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ዴቪድ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ጥያቄውን ለወጠው፦ ቤተሰብን ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን ሰዎቹ በየቀኑ አንዳቸው ለሌላው በሚያደርጉት እንየው አለ።

ይህ እኛ ጎንደር፣ አዘዞ ወይም ማራኪ ላሉ ብዙ ቤቶች ይስማማል። እናት ቤይሩት ናት፤ ማታ በኢሞ ደውላ «እስቲ ደብተርሽን አሳይኝ» ትላለች። ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጪ» ሲል የምትሄደው አያት ናት። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ቤተሰብ የላትም» ማለት ነውር ይመስለኛል።

«ዘመድ ማለት የደም ዘመድ ነው።»

የጎንደር ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። የክርስትና ልጅ የክርስትና አባቱን ልጅ እንዳያገባ ቤተ ክርስቲያን ትከለክላለች፤ ዝምድናው እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቆጠር። ድሮ ደግሞ ጡት መጣባት ነበር፦ አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባና በምስክር ፊት የጡት አባት ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ልጄ አይደለህም» ማለት የለም።

«ድሮ ሁሉም ከነአያቱ፣ ከነአጎቱ በአንድ ቤት ይኖር ነበር።»

የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ላስሌት የእንግሊዝን የድሮ መዝገቦች ሲያገላብጥ ያገኘው አማካይ የቤተሰብ ብዛት 5 ሰው እንኳ አይሞላም። እኛም ጋ ቢሆን ልጅ ሲያገባ ጎጆ ይወጣል። ጎረቤት ሆኖ መረዳዳት ሌላ፣ አንድ ቤት መኖር ሌላ።

«ሰማንያ ያልተፈራረመ በሕግ ፊት ምንም ነው።»

አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቃል፤ ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ ስላወጣ ጎንደር ላይ ክርክር ያለበት ሰው መጀመሪያ እሱን ያንብብ።