አሰልጣኙ ይሰናበት ስንል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጆቻቸው አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ብዙ ሐበሾች ሳያስቡት የኮሌጅ ፉትቦል (ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደሩበት የአሜሪካ ፉትቦል) ደጋፊ ሆነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቪ ፊት ነን። ቡድናችን በሽንፈት ላይ ሽንፈት ሲደርብበት «አሰልጣኙ ይቀየር» እንላለን። ወዲያው «ደጋፊ ችኩል ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እኔ ይቀየር ከሚሉት ነኝ፤ የሚነሱብንን ክርክሮች አንድ በአንድ ልያቸው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«በዓመት 9 ጨዋታ የሚያሸንፍ አሰልጣኝ አይነካም»

የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ነካች። ማርክ ሪክት በ15 ዓመት 145 ጨዋታ አሸንፎ 51 ብቻ ነው የተሸነፈው። በ2015 መጨረሻ 9 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ሳለ ተሰናበተ። ጥሩ አሰልጣኝ ነበር፤ ግን ጆርጂያ ከ1980 ወዲህ የአገሪቱን ዋንጫ አላየችም። በቦታው የመጣው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ኪርቢ ስማርት ነው፤ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የመከላከል አሰልጣኝ ነበር። የ2021ን እና የ2022ን ዋንጫ በተከታታይ አነሳ።

«የኔብራስካን ጉድ አላያችሁም?»

ይህኛው ከበድ ያለ ክርክር ነው። ቦ ፔሊኒ በኔብራስካ 7 ዓመት ሲቆይ ከ9 ድል በታች ያመጣበት ዓመት የለም። በ2014 ተባረረ። ማይክ ራይሊ መጣ፤ በ3 ዓመት 19 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ቀጥሎ ስኮት ፍሮስት 16 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። ቦውል የሚባለው የዓመቱ መዝጊያ ግጥሚያ ላይ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ 6 ድል ይበቃል። ኔብራስካ ግን ከ2017 እስከ 2023 አንዴም አልገባችም። 5 የአገር ዋንጫ ያላት ኔብራስካ!

ታዲያ ጥፋቱ ማባረሩ ነው? አይመስለኝም። ራይሊ ከኦሪገን ስቴት ሲወሰድ የመጨረሻ ዓመቱ 5 ድልና 7 ሽንፈት ነበር። የ9 ድል አሰልጣኝ አሰናብቶ 5 ድል ያመጣን መቅጠር ምን የሚሉት ምርጫ ነው? የፍሮስት ነገር ይለያል፤ ኔብራስካ የ1997ቱን ዋንጫ ስታነሳ ኳርተርባኳ (ማጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመራው ተጫዋች) ነበር፣ በ2017 ሴንትራል ፍሎሪዳን ሳይሸነፍ ጨርሷል። እሱን ሁላችንም እናመጣው ነበር። ስለዚህ አሰልጣኝ ይቀየር የሚል ደጋፊ ማን ይምጣ የሚለውንም አብሮ ይጠይቅ። ቀጣሪው አካል ይህን ጥያቄ የመመለስ ግዴታ አለበት።

«ለውጥ ማለት ዋናውን አሰልጣኝ ማባረር ነው»

የግድ አይደለም። ማጥቃቱንና መከላከሉን በየፊናቸው የሚመሩ ረዳቶች አሉ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሚሺጋን በ2020 2 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። ጂም ሃርባውን አላባረሩትም። ደመወዙን በግማሽ ገደማ ቀንሰው አስፈረሙት፤ የመከላከል አሰልጣኙ ዶን ብራውን ሄዶ ማይክ ማክዶናልድ ተተካ። በ2021 ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 27 ረቱ፤ ይህን ቡድን ሲያሸንፉ ከ2011 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። በ2023 15ቱንም ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫ በሉ። ዋናው አሰልጣኝ ረዳቶቹን ለመቀየር እምቢ ካለ ግን ራሱ ይሂድ።

«ካሳው ከተማሪ ክፍያ ነው የሚወጣው»

ካሳው ውሉ ሳያልቅ ለተባረረ አሰልጣኝ የሚከፈለው ነው፤ ከየት እንደሚወጣ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ካሳው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ገንዘቡ ከስፖርት ክፍሉና ከለጋሾች ድርጅቱ ብቻ እንደሚወጣ አስታውቀዋል። እኔን የሚያናድደኝ በ2021 እስከ 2031 የሚዘልቅ ውል መፈረሙ ነው። ያኔ ነበር መጮህ የነበረብን።

«ቢያንስ የውድድር ዓመቱ ይለቅ»

ከ2017 ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ተጫዋቾች ለሚገቡበት ዩኒቨርሲቲ ታኅሣሥ ላይ መፈረም ይችላሉ። አብዛኞቹ ጎበዞች የሚፈርሙት ያኔ ነው። ኅዳር እስኪያልቅ ጠብቆ የሚያባርር ዩኒቨርሲቲ አዲሱ አሰልጣኝ ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋር የሚተዋወቅበት ጊዜ አያገኝም። ውሳኔው ከተወሰነ ጥቅምት ላይ ይነገር።