ስለ ሮም ሠራዊትና ሕዝብ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

የጥንቷን ሮም አብዛኞቻችን ያወቅናት በአዲስ ኪዳንና በፊልም ነው። አዲስ ኪዳን የመቶ አለቃውን፣ ሻለቃውንና ቀራጩን በየቦታቸው ያሳየናል። ፊልሞቹ ግን ብዙ ነገር አዛብተውብናል። ጥቂቶቹን እናንሳ።

«የመቶ አለቃ መቶ ወታደር ያዛል»

በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን በአንድ የመቶ አለቃ ሥር የነበሩት 80 ያህል ነበሩ። አደረጃጀቱ የሚጀምረው ከድንኳን ነው። 8 ወታደሮች አብረው ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ። 10 ድንኳን አንድ የመቶ አለቃ ጭፍራ ይሆናል። 6 ጭፍራ ተደምሮ ኮሆርት፣ 10 ኮሆርት ደግሞ ሌጌዎን ይባላል። ስለዚህ አንድ ሌጌዎን 5,000 ሰው ገደማ ነበረው።

የመቶ አለቃው ከኋላ ቆሞ የሚያዝ ሹም አይደለም። ከፊት ይቆማል፣ ቀድሞም ይሞታል። ብዙዎቹ ከተራ ወታደርነት የወጡ ናቸው። ከወይን ግንድ የተሠራ በትር ይይዛሉ፤ ጨካኞቹም በደንብ ይጠቀሙበታል። ሉኪሊየስ የሚባለውን ወታደሮቹ «ሌላ አምጡ» ብለው ሰይመውት ነበር። በትሩ በአንዱ ጀርባ ላይ ሲሰበር ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ያስመጣ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ14 ወታደሮቹ ሲያምፁ ገደሉት።

«የሮም ወታደር የሮም ሰው ነው»

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። በደንቡ መሠረት ሌጌዎን ውስጥ የሚገባው የሮም ዜጋ ነው። ከሠራዊቱ ግማሽ ያህሉ ግን ረዳት ጦር ነበር፤ በአብዛኛውም ዜግነት የሌላቸው ሰዎች ስብስብ። ሶርያውያን ቀስተኞች፣ ከራይን ወንዝ አፍ የመጡ ባታቪያውያን፣ የትራቄ ፈረሰኞች። 25 ዓመት አገልግሎ የጨረሰ ዜግነት ያገኛል። ማስረጃውም በነሐስ ላይ ተቀርጾ ይሰጠዋል።

ዜግነት በዘር ወይም በትውልድ ከተማ የተወሰነ አልነበረም ማለት ነው። ሕጋዊ መብት ነበር፤ ይወረሳል፣ ይሰጣል፣ አንዳንዴም በገንዘብ ይገኛል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22ን አስታውሱ። ታስሮ የቆመው ጳውሎስ ጠርሴስ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ዜግነቱ ግን ከልደቱ ጀምሮ ነው። ያሰረው ሻለቃ ደግሞ በብዙ ገንዘብ ያገኘው መሆኑን ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ላሉ ነጻ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ዜግነት ሰጠ።

«ፓትሪሻን ሀብታም፣ ፕሌቢያን ድሃ ነው»

ልዩነቱ የቤተሰብ ሐረግ ነው፤ ፓትሪሻን የሚባሉት የጥንት መኳንንት ቤተሰቦች ሲሆኑ ፕሌቢያን የሚባሉት የተቀሩት ዜጎች ናቸው። በዘመኑ በሀብቱ የታወቀው ክራሰስ የፕሌቢያን ቤተሰብ ልጅ ነበር። የጦር አዛዡ ፖምፔም እንደዚያው። ፓትሪሻኑ የጦር አዛዥ ሱላ ግን በወጣትነቱ በርካሽ የኪራይ ቤት ኖሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ367 ከፍተኛው የቆንስልነት ሹመት ለፕሌቢያን ተከፍቷል። የኋላ ኋላ ሰውን የለየው ንብረት ነው። በአውግስጦስ ዘመን ሴናተር ለመሆን 1 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ያስፈልግ ነበር። የሌጌዎን ተራ ወታደር የዓመት ደሞዝ 900 ሴስተርስ ነው። ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም እንኳ ከ1,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

«ጁሊየስ ቄሳር የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ነው»

አይደለም። አምባገነን ተብሎ ተሾመ፣ ከዚያ ተገደለ። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ነው።

«መርከብ የሚቀዝፉት በሰንሰለት የታሰሩ ባሪያዎች ነበሩ»

የጦር መርከብ ቀዛፊዎች በመደበኛነት ነጻና ደሞዝተኛ ሰዎች ነበሩ። ባሪያ በሠራዊቱ እንዲያገለግል አይፈቀድም። ሃኒባል ሮምን ድል ካደረገበት የካናይ ጦርነት በኋላ ግን ሮም ሰው ስላለቀባት 8,000 ያህል ባሪያዎችን ገዝታ አስታጥቃለች።

ዜጋ የሆነ ጌታ በሕጉ መሠረት ነጻ ያወጣው ባሪያ ራሱም ዜጋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ193 የነገሠው ፐርቲናክስ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው ልጅ ነው። ይህ ግን ጭካኔውን አያቀልለውም። ማዕድን ማውጫና ሰፋፊ እርሻ ላይ የተጣሉት አብዛኞቹ ያን ዕድል ሳያዩ ነው የሞቱት።

«ወታደር ሁሌ ጦር ሜዳ ነው»

በሰሜን እንግሊዝ ቪንዶላንዳ ከሚባል ምሽግ በቀጭን እንጨት ላይ የተጻፉ ሰነዶች ተገኝተዋል። አንዱ ከዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ የመጣ የረዳት ጦር ክፍል የሰው ኃይል ሪፖርት ነው። በመዝገብ 752 ሰው አለ። 456ቱ ሌላ ቦታ ተልከዋል፤ ከእነሱ 46ቱ የአገረ ገዢው አጀብ ሆነው ነው። በምሽጉ ከቀሩት 296 ውስጥ 31ዱ ታመዋል ወይም ቆስለዋል። ሌላው ጽሑፍ ደግሞ ለአንድ ሰው ስለተላከ ካልሲ፣ ጫማና የውስጥ ሱሪ ያወራል። ተራ ወታደር ማግባት በሕግ ባይፈቀድለትም ብዙዎቹ በምሽጉ ዙሪያ ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። ክልከላውን እ.ኤ.አ. በ197 ገደማ ያነሳላቸው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ነው።