የእንግሊዝኛ መስተዋድዶችና አጫጭር የጊዜ መግለጫዎች

እንግሊዝኛ ሰከንድን፣ ደቂቃንና ሰዓትን ከግስ ጋር የሚያያይዘው በተለይ በአምስት መስተዋድዶች ነው፤ ኢን፣ አት፣ ፎር፣ ዊዚን እና ባይ። አማርኛ የዚህን ሥራ ትልቁን ድርሻ ለ«በ» ሰጥቶ ቀሪውን በ«ውስጥ»፣ በ«ላይ»ና በ«በኋላ» ይለየዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማር የአገራችን ተማሪ የሚቸገረውም አከፋፈሉ ስለማይገጥም ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ኢን ነው። «አይል ካም ባክ ኢን ፋይቭ ሚኒትስ» ማለት ከአምስት ደቂቃ በኋላ እመለሳለሁ ማለት ነው። «ሺ ሶልቭድ ኢት ኢን ፋይቭ ሚኒትስ» ሲባል ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፈታችው ማለት ነው። የመጀመሪያው ከአሁን እስከ ድርጊቱ ያለውን ርቀት ይለካል፤ ሁለተኛው ድርጊቱ ራሱ የፈጀውን ጊዜ። «አይል ፊኒሽ ኢት ኢን አን አወር» የሚለውን ደግሞ በሁለቱም መንገድ መረዳት ይቻላል። አማርኛ እዚህ ላይ የተሻለ ግልጽ ነው፤ «በኋላ» እና «ውስጥ» አይምታቱም። ሆኖም ይኸው ግልጽነት ተማሪውን ያሳስተዋል፤ «በኋላ»ን ቃል በቃል ወስዶ «አይል ካም አፍተር ፋይቭ ሚኒትስ» ይላል። ዊዚን ከኢን ይለያል፤ ጊዜው ሳያልፍ፣ ምናልባትም ቀድሞ፣ እንደሚፈጸም ያመለክታል።

አት የሰዓት ነጥብን ይይዛል፤ «አት ቱ ኦክሎክ»። እኛ «ሁለት ሰዓት ላይ» ስለምንል ብዙ ጀማሪ ኦን ይጨምርበታል። ባይ የጊዜ ገደብ ነው፤ የእኛ «እስከ» የባይንም የአንቲልንም ቦታ ስለሚይዝ ሁለቱን መለየት ልምምድ ይጠይቃል።

ፎር ቆይታን ይናገራል። ፈላስፋው ዜኖ ቬንድለር በ1957 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ ግሶችን በአራት ሲመድብ፣ የፎርና የኢን ልዩነት ዋና መለያ ሆነ። መሮጥ መጨረሻው በራሱ ውስጥ ስለሌለ «ፎር አን አወር» ይላል፤ ክብ መሣል ግን ክቡ ሲገጥም ስለሚያበቃ ኢን ይፈልጋል። በአማርኛም «አንድ ሰዓት ሮጠ» እና «በአንድ ሰዓት ጨረሰ» ስንል ልዩነቱን ያለ ሕግ እንጠብቀዋለን።

ሞመንት የሚባለው ቃል መስተዋድዱ ሲቀየር ትርጉሙ እንዴት እንደሚዞር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። «አት ዘ ሞመንት» አሁን፣ «ኢን ኤ ሞመንት» ትንሽ ቆይቶ፣ «ፎር ኤ ሞመንት» ለአፍታ፣ «ፎር ዘ ሞመንት» ለጊዜው ነው። በእነዚህ ምሳሌዎች ፎር ባለበት ሁሉ አማርኛው «ለ»ን ማምጣቱ ደስ ይላል። «ኢን ኤ ሚኒት» የሚለውም ስድሳ ሰከንድ አይቆጥርም፤ ከጓዳ ሲጠሩን «መጣሁ!» እንደምንለው፣ ገና ሳንነሳ።

እነዚህ ቃላት በጥንት ጊዜ የተለያየ ልክ ነበራቸው። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቢድ በ725 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዘመን አቆጣጠር ሲጽፍ አንድን ሰዓት በ4 ፑንክቱስ፣ በ10 ሚኑቱም፣ በ15 ፓርስ እና በ40 ሞመንቱም ከፍሎታል። በዛሬው ሰዓት ሲሰላ ሞመንት 90 ሰከንድ፣ የቢድ ሚኑቱም ደግሞ 6 ደቂቃ ይሆናል። የዛሬዎቹ ሚኒትና ሰከንድ ግን በ60 ከሚካፈለው የከዋክብት ሊቃውንት ስሌት የመጡ ናቸው፤ «የመጀመሪያው ትንሽ ክፍል» እና «ሁለተኛው ትንሽ ክፍል» ከሚሉ የላቲን ስሞች። በጥንቱ እንግሊዝኛ ኦን ዛሬ ኢን የያዘውን ብዙ ቦታ ይሸፍን ነበር። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ «ትዋይስ ኤ ዴይ»፣ ማለትም በቀን ሁለት ጊዜ ሲባል፣ መሃል ያለችው «ኤ» መነሻዋ ይኸው ኦን ነው፤ ተሸርሽራ ቀረች።

አምስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ለማለት በብሪታንያ «ቴን ፓስት ፋይቭ»፣ በአሜሪካ «ቴን አፍተር ፋይቭ»ም ይባላል።

«ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ውስጥ ያለው አጎ መስተዋድድ ነው ወይስ ተውሳከ ግስ የሚለው አከራካሪ ነው። የቆየው ትምህርት ተውሳከ ግስ ነው ይላል፤ አንዳንድ የቅርብ ዘመን ሰዋስው ጸሐፊዎች ከስሙ በኋላ የሚመጣ መስተዋድድ ያደርጉታል። «በፊት»ን ዘወትር ከስሙ በኋላ ለምናስከትል ለእኛ ይህ ሁለተኛው አመለካከት እንግዳ አይደለም፤ «ከአምስት ደቂቃ በፊት»።